ሰሙ ለጠፍር፣ ንጣፉ ለጀርባ

ዳንግላ ላይ በጋሪ የሚተዳደር ሰው ፈረሱ ሲገጠብበት የሚያጣው የአንድ ቀን ገቢ ብቻ አይደለም። ቁስሉ እስኪጠግግ ፈረሱ ቆሞ ይበላል፤ ባለጋሪው ወይ ፈረስ ይከራያል፣ ወይ ደግሞ “ትንሽ ናት፣ ይችላታል” ብሎ በቁስሉ ላይ ይጭናል። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ሁለት ጣት የማትሞላዋን ቁስል ከሳምንት በኋላ መዳፍ አክላ ያገኛታል። ይህን የምጽፈው ለነዚህ ሰዎች ነው፤ በዳንግላና በእንጅባራ ጎዳና ጋሪ ለሚነዱ፣ ከባንጃና ከፋግታ ለኮማ ቀበሌዎች ፈረስ ጭነው ገበያ ለሚወጡ፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ለሚጋልቡም ጭምር።

ጥያቄው አንድ ነው፦ በዕቃውና በፈረሱ ቆዳ መካከል ምን ይግባ? አንዱ ጠፍሩን ሰምና ሞራ ቀብቶ ማለስለስ ይበቃል ይላል። ሌላው ጠፍሩን እንዳለ ትቶ ከሥሩ ንጣፍ ይደራርባል፤ ጨርቅ፣ ስፖንጅ፣ ማዳበሪያ፣ ብቻ ያገኘውን። ሁለቱም የሚያደርጉት ለፈረሳቸው ብለው ነው። እኔ ግን ሰም ለቆዳ ዕቃው፣ ንጣፍ ለፈረሱ ገላ የሚውል ነው ባይ ነኝ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ዕቃው ራሱ ለፈረሱ ልክ ካልሆነ ደግሞ ሁለቱም አያድኑም።

ገጠባ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንዱ ፍትጊያ ነው፦ የላላ ማሰሪያ፣ ወዲያ ወዲህ የሚል ኮርቻ፣ ጠርዙ የደረቀ ጠፍር ፀጉሩን መልጦ ቆዳውን ይልጠዋል። ይህ በዓይን ስለሚታይ ቶሎ ይደረስበታል። ሌላው ጫና ነው፤ የሚከፋውም እሱ ነው። ክብደቱ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ለሰዓታት ሲያርፍ ከሥር ያለውን ሥጋ ደም ያሳጣዋል። ከላይ ቆዳው ደህና መስሎ ይቆያል፤ ሥጋው ግን ሞቷል፣ ከቀናት በኋላ አብጦ ይፈነዳል። ባለፈረሱም “ትናንት ምንም አልነበረበትም” ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ትናንት የሚታይ ነገር አልነበረም።

በዚህ ላይ እርጥበቱ አለ። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፣ ዳንግላም ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ጣቷ እንደሚሟሽሸው ሁሉ፣ በዝናብና በላብ ርሶ የዋለ የፈረስ ቆዳም ይሟሽሻል፤ በበጋ ምንም የማያደርገው ጠፍር ያኔ በግማሽ ቀን ይልጠዋል። ስለዚህ ለክረምት የሚመረጠው ንጣፍ ከሁሉ በፊት ውሃን እንዴት እንደሚይዝ ታይቶ መመረጥ አለበት።

ይኸው የሰምና የንጣፍ ምርጫ ባሕር ዳርቻ ባላቸው አገሮችም አለ። በማዕበል ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተቱ፣ ነፋስ በሚነፋው ካይት እየተሳቡ ውሃ ላይ የሚጋልቡም ስፖርተኞች እግራቸው እንዳያዳልጣቸው ወይ ሰሌዳውን ሰም ይቀቡታል፣ ወይ ሻካራ የፎም ንጣፍ ይለጥፉበታል። ሰሙ ርካሽ ነው፤ ግን ያልቃል፣ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ ለዚህ ሲባል ለቀዝቃዛና ለሞቃት ውሃ የሚሆነው ለየብቻ ይሸጣል። ንጣፉ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ ቦታው ተሳስቶ ከተለጠፈ ግን ማንሳቱ ያስቸግራል። እነሱ የሚጨነቁት ለራሳቸው እግር ነው፣ ከሥር ያለው ሰሌዳ አይቆስልም። የኛ ሰሌዳ ነፍስ ያለው ነው። ሆኖም የሚጠይቁት ጥያቄ ለኛም ይጠቅመናል፦ የትኛው ገጽ ይያዝ? የትኛውስ ይንሸራተት? በፈረስ ላይ መልሱ ይህ ነው፦ ንጣፉ ከፈረሱ ገላ ጋር ተጣብቆ አብሮ ይንቀሳቀስ። መንቀሳቀስ የግድ ከሆነ እንቅስቃሴው በንጣፉና በኮርቻው መካከል ይሁን እንጂ በንጣፉና በቆዳው መካከል አይሁን።

ከሰሙ እንጀምር። ማር በሚቆረጥበት አገር ሰም አይቸግርም፤ ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፣ ዳንግላና እንጅባራ ያሉበት አዊም ንብ የሚረባበት ምድር ነው። ንጹሕ ሰም ካልተገኘ ከጠጅ ቤት የሚወጣውን ሰፈፍ በሙቅ ውሃ አቅልጦ በጨርቅ ማጥለል ይቻላል፤ ሲበርድ ሰሙ ከላይ ረግቶ ይነሳል፣ ቆሻሻው ከሥር ይቀራል። ከገበያ ስትገዙ አሽቱት፤ የንብ ሰም የማር ጠረን አለው፣ በእጅ ሲታሽ ይለሰልሳል። ሽታ የሌለውና ሲፋቅ እየተሰባበረ የሚበን ከሆነ የሻማ ሰም ተቀላቅሎበታል፤ ቆዳ ላይ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ውሃም ያስገባል።

ሰም ብቻውን ለጠፍር አይበቃም። ሰም ላይ ላዩን ተቀምጦ ውሃን ይመልሳል፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ቆዳውን የሚያለሰልሰው ስቡ ነው። ስለዚህ አንድ እጅ ሰም በሁለት እጅ የከብት ሞራ ይቀላቀል። የጉሎ ዘይት ያለው ከሞራው ጥቂቱን በሱ ቢተካ ጥሩ ነው፤ የጉሎ ዘይት አይደርቅም። የኑግ ዘይት ግን አልመክርም። ሲቀባ ለስላሳ ይመስላል፤ ሰንብቶ ግን ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ቆይቶም ይደርቃል።

ድብልቁን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ፤ ሰምና ሞራ ከመጠን በላይ ከጋሉ በእሳት ይያያዛሉ፣ እሳቱም በውሃ አይጠፋም፣ ውሃ ሲጨመርበት ይረጫል እንጂ። ቆርቆሮውን በሚፈላ ውሃ ድስት ውስጥ አስቀምጡት። እንጅባራ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሰም የሚቀልጠው ግን ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ስለሆነ ያ ሙቀት ከበቂ በላይ ነው። ከቀለጠ በኋላ አማስላችሁ አውጡትና ይርጋ፤ ለስላሳ ቅባት ሆኖ ይቀመጣል።

ከመቀባት በፊት ጠፍሩ ይታጠብ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የፈረስ ላብ ጨው አለው፤ ጨውና አቧራ በተጋገረበት ጠፍር ላይ ሞራ መቀባት ቆሻሻውን እዚያው ማሸግ ነው፣ ከደረቀ በኋላ ቆዳን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በእርጥብ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና አጽዱት፤ ጥላ ውስጥ ስቀሉት፤ ፈጽሞ ሳይደርቅ፣ ገና ጥቂት እርጥበት እያለበት ቅባቱን በጣታችሁ እያሻችሁ በስሱ አስገቡት። ሌሊቱን ይደር፤ ጠዋት በደረቅ ጨርቅ የተረፈውን ጥረጉ። ጣታችሁን ስታሳርፉበት እርጥብ ሆኖ ከተሰማችሁ ገና ብዙ ቅባት አለው ማለት ነው። የራሰ ጠፍር ምድጃ ዳር ወይም የቀትር ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ይሸበሸብና ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም ቅባት አይመልሰውም። ያልለፋ ጠፍር ደግሞ ሲርስ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዝናብ ከሠራ በኋላ ሳይለካ በማግስቱ ፈረስ ላይ መታሰር የለበትም።

ሰም የማይበዛባቸው ወይም ጨርሶ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። ከፈረሱ ገላ ጋር የሚነካካው ገጽ በጣም በስሱ ተቀብቶ ይጠረግ፤ ካልሆነ ፀጉርና አፈር ይለጥፋል። ዛቡን እጅ የሚይዝበት ቦታ ሞራ አይንካው፤ ፈረሱ ሲደነግጥ ከእጅ ያመልጣል። የኮርቻው መቀመጫም እንደዚሁ። ስፌቱ ላይ ቅባት ማብዛት ክሩን ያበሰብሰዋል። የናይለን ገመድ ለሚጠቀሙ ደግሞ እቅጩን ልናገር፦ ናይለን ሰም አይጠጣም። ስንት ጊዜ ቢቀባ ጠርዙ ያው ጠርዝ ነው፣ ቆዳ መቁረጡን አይተውም። ናይለን የግድ ከሆነ ከገላ ጋር በሚነካካበት ርዝመት ሁሉ በለፋ ቆዳ ወይም በሱፍ ጨርቅ እጀታ ተሰፍቶለት ይሸፈን፤ ያኔ ሥራውን ንጣፉ ሠራው ማለት ነው።

ወደ ንጣፉ እንምጣ። ከሁሉ የማስቀድመው የበግ አጎዛ ነው። የበግ ፀጉር ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ውስጡ አስገብቶ ገና እርጥብ ሳይመስል የሚቆይ ነው፤ ላቡን ከቆዳው ላይ ይወስዳል፣ በፀጉሮቹ መካከል አየር ያሳልፋል፣ በገላው ላይ አያዳልጥም። ፀጉሩ ወደ ፈረሱ፣ ቆዳው ወደ ላይ ይሁን። በደንብ የለፋ አጎዛ ምረጡ፤ ያልለፋው ክረምት ላይ ይሸታል፣ ይበሰብሳል፣ እንደ ሳንቃም ይደርቃል። በየጊዜው በቀዝቃዛ ውሃ አጥቡት፣ በጥላ አድርቁት፣ ሲደርቅ አራግፋችሁ በማበጠሪያ ፀጉሩን ፍቱት። ፀጉሩ ተጋግሮ ጠፍጣፋ ከሆነ ዘመኑ አልቋል፤ ለመቀመጫ አውሉትና ሌላ ግዙ።

አጎዛ ካልተገኘ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ወይም ባና ሁለት እጥፍ አድርጎ መጠቀም ይቻላል፤ እጥፋቱ ግን ከኮርቻው ሥር መግባት የለበትም። አንዲት መስመር የሆነች እጥፋት ሰው ሲቀመጥባት ገመድ ትሆናለች። የጥጥ ጨርቅ፣ አሮጌ ቡሉኮ፣ ላብ ይጠጣል፤ ግን እንደራሰ ይውላል። እሱን የሚጠቀም ሰው ሁለት ይኑረው፤ ቀትር ላይ የራሰውን በደረቅ ይቀይር።

ብዙ ባለጋሪ የሚያታልለው ስፖንጅ ነው። በጣት ሲጫኑት እንደ ትራስ ነው። ክብደት ሲያርፍበት ግን እንደ ወረቀት ይሳሳል፣ ውሃ እንደ ጉድ ይጠጣል፣ ሙቀት ያፍናል፣ ጥቂት ቆይቶም እየተቦጨቀ ጉብታና ጉድጓድ ይሠራል። ጉብታው ያረፈበት ቦታ ይገጠባል። ሌላ ምንም ከሌለ በወፍራም ሸራ ታሽጎ ከላይ ይሁን፣ ከገላው ጋር ግን አይነካካ። ከማዳበሪያ ጆንያ ግን ፈጽሞ ራቁ። ላብ አይጠጣም፣ ያንሸራትታል፣ ሽመናው ይፍቃል፣ የተፈታው ጠርዙ ይቆርጣል። አባቶች የሚሠሩት በጤፍ ጭድ የተሞላ የቃጫ ጆንያ ይሻላል፤ ጭዱ እኩል ተደልድሎ ከተሰፋና በእርጥበት ሲጋገር ከተቀየረ ዛሬም ለጋሪ ፈረስ ጀርባ የሚሆን ነው። የጎማ ካላማዳሪ እየቆረጡ ከማሰሪያ ሥር የሚያስገቡ አሉ። ጎማው በደረቅ ቆዳ ላይ ይይዛል፤ ላብ ሲመጣ ግን ቆዳውን አፍኖ ያሟሽሸዋል። ካላማዳሪ የሚጠቅምበት ቦታ ሌላ ነው፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ውፍረት ሲጨምር ምቾት ይጨምራል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ኮርቻው ለፈረሱ የጠበበ ከሆነ ንጣፍ በተደረበ ቁጥር ይብስ ያጣብቃል፣ ከፍ ብሎም ያዘነብላል። የአገራችን ኮርቻ አሠራር ብልሃት ያለው ነው፤ ሁለት ጎን ጎን የሚያርፉ እንጨቶች አሉት፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አከርካሪውን ነጻ ያደርጋል። ንጣፉ ያንን ክፍተት መድፈን የለበትም። ፈረሰኛው ከላይ እንደተቀመጠ፣ ጋማው በሚያልቅበት ጉብታና በኮርቻው መካከል ሁለት ጣት ማስገባት መቻል አለባችሁ። ከኋላ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩም በአከርካሪው ላይ ወዲያ ማዶ ብርሃን ሊታያችሁ ይገባል። ብርሃን ከሌለ ችግሩ የኮርቻው ነው፤ ወደ ሠሪው ይሂድ። ሲያነጥፉም ንጣፉን ወደ ፊት አሳልፎ አስቀምጦ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ወደ ኋላ መሳብ፣ ከዚያ ከጉብታው ላይ ከፍ አድርጎ ወደ ኮርቻው ክፍተት ማስገባት ነው። ወደ ፊት ከተሳበ ፀጉሩ ተቀልብሶ ቀኑን ሙሉ ይፋቃል።

ንጣፍ መዋስም ማዋስም ይቅር። እኛ አገር መተባበር ክብር ነው፤ በዚህ ነገር ግን እምቢ ማለት ነውር የለውም። በኢትዮጵያ ከተሞች የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባል በሽታ አለ፤ በሻጋታ ዘር የሚመጣ ነው፣ የሚገባውም በቁስል በኩል ነው። በእግሩ፣ በደረቱ ወይም በአንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ መግል ያወርዳሉ። ዝንብ ያሻግረዋል፣ የተበከለ ዕቃም ያሻግረዋል። ገና ሲጀምር ካልተያዘ ማዳኑ ከባድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ዕቃውን ለይቶ፣ ፈረሱን ከሌሎች አርቆ፣ በዚያው ቀን ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይሂድ።

የመረጣችሁት ንጣፍ ልክ መሆን አለመሆኑን የሚነግራችሁ ፈረሱ ነው። ከሥራ ስትመለሱ፣ ፈረሱ በላብ እንዳለ፣ ኮርቻውን ወደ ጎን ሳትጎትቱ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት፤ ንጣፉንም እንዲሁ። ወዲያው አትጥረጉት፣ እዩት። በሁለቱም ጎን ላቡ እኩል ተሰራጭቶ፣ በመካከል የአከርካሪው መስመር ደረቅ ሆኖ ከታየ ጥሩ ነው። በላቡ መሐል መዳፍ ወይም ብር የምታክል ደረቅ ቦታ ካለች ግን ቁም ነገሩ እዚያ ነው፤ ጫናው በርትቶ ላብ እንኳ አላወጣችም። ጣታችሁን አሳርፉባት፤ ፈረሱ ጀርባውን ዝቅ ካደረገ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ከጣለ ወይም ቆዳውን ካርገፈገፈ ታሟል። ፀጉሩ የተመሰቃቀለበት ቦታ ካለ ፍትጊያ አለ ማለት ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ መዳፋችሁን አሳልፉበት፤ ኮርቻው ሲነሳ ደም ስለሚመለስ እብጠቱና ትኩሳቱ የሚሰማው ያኔ ነው። ፈረስ ልትገዙ ስትሄዱም ይህን አትርሱ፤ በጉብታውና በጎድኑ ላይ ነጭ ነቁጥ ያለበት ፈረስ፣ ከመልኩ ካልሆነ፣ በፊት የተገጠበ ነው። ነጭ ፀጉሩ የዳነ ቁስል ምልክት ነው፤ በዚያ ቦታ ንጣፉ ከሌላው ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጋሪ ላይ ያለው ነገር ከኮርቻ ይለያል። ፈረሱ የሚጎትተው በደረቱ ነው፤ የደረቱ ማሰሪያ ቢያንስ አራት ጣት ይስፋ። ሁለት ጣት የነበረውን በአራት ጣት ብትተኩት ያው ጉልበት በእጥፍ ስፋት ይካፈላል፣ ቆዳው ላይ የሚያርፈው ጫና በግማሽ ይቀንሳል። ከየትኛውም ንጣፍ ይህ ይቀድማል። ማሰሪያው ወደ ላይ ከወጣ ጉሮሮውን ያንቀዋል፣ ወደ ታች ከወረደ የትከሻውን መገጣጠሚያ ይመታል፣ እርምጃውን ያሳጥራል፤ ከሁለቱ መካከል ይሁን። በጀርባው ላይ ዘንጎቹን የሚሸከመው ትራስ ደግሞ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ሙሌቶች እንጂ በአከርካሪው ላይ የሚሻገር አንድ ገመድ መሆን የለበትም። የጋሪው ሚዛንም አለ። ጭነት ወደ ፊት ካዘነበለ ሙሉው ክብደት በጀርባው ላይ ይወድቃል፤ ወደ ኋላ ካዘነበለ የሆዱ ማሰሪያ ወደ ላይ እየሳበ ከብብቱ ሥር ይልጠዋል። ጭነታችሁን ደልድላችሁ ዘንጉን በአንድ እጅ አንሱት፤ በቀላሉ ተነስቶ በቀላሉ ከወረደ ይሂድ። ሦስት ኩንታል ተጭኖበት ወደ ፊት ባጋደለ ጋሪ ላይ ለፈረሱ አጎዛ ማንጠፍ ትርጉም የለውም።

ለፈረሰኞች ጥቂት ልጨምር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በዓድዋ የዘመቱትን አርበኞችና አብረው የተሰዉትን ፈረሶች ለማሰብ። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት፤ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ በፈረስ ትሞላለች፣ ጉግሱም ስግሪያውም ይታያል። ፈረስን ለማክበር የሚወጣ ሰው በተገጠበ ጀርባ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። ለበዓሉ የተገዛ አዲስ ዕቃ በበዓሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አይጫን፤ ታኅሣሥ ላይ ጀምራችሁ በአጭር በአጭር ጉዞ አለማምዱት። ያጌጠው ግላስ ከላይ የሚታይ ጌጥ ነው፤ ገበሩ አንሸራታች ጨርቅ ከሆነ ከሥሩ የሱፍ ንጣፍ ይግባ። ሌላም አለ፦ ክረምት ላይ የከሳ ፈረስ ከአዝመራ በኋላ ይሰባል፣ ጀርባው ይሰፋል። መስከረም ላይ ልክ የነበረው ኮርቻ ጥር ላይ ጠባብ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ጣቶች እንደገና አስገብታችሁ ለኩ።

እግርም አለ። አባቶቻችን በባዶ እግር፣ አውራ ጣታቸውን በትንሿ እርካብ አስገብተው ይጋልቡ ነበር፤ ሲወድቁ ጣቱ ይወጣል፣ ፈረሱ አይጎትታቸውም። ዛሬ ጫማ አድርጎ የሚጋልብ ሰው እርካቡ ለጫማው መሆን አለበት፤ እግሩ ከገባ በኋላ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጣት ክፍተት ይቅር። ጥርሱ የጠለቀ የጎማ ሶል እርካብ ላይ ይነክሳል፣ ሲወድቁ አይለቅም። ለስላሳ ሶልና ትንሽ ተረከዝ ያለው ጫማ ይሻላል፤ ተረከዙ እግሩ አልፎ እንዳይሾልክ ያግደዋል። በዝናብ እርካቡ የሚያዳልጣችሁ ከሆነ የተውነው ካላማዳሪ የሚያገለግለው እዚህ ነው፦ በስሱ ተቆርጦ እግር የሚረግጥበት ብረት ላይ አንዴ ብቻ ይጠምጠም። ይይዛል፣ አያጣብቅም። እርካቡን ሰም የሚቀባ ካለ ይተው፤ ጭቃ ይሰበስባል፣ በብርድ ጠዋትም ጠንክሮ ያንሸራትታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ገጠባ ከወጣ መድኃኒቱ ዕረፍት ነው። አፍልታችሁ ባበረዳችሁት አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ ቁስሉ ቀን በቀን ይታጠብ፤ ዝንብ እንዳያርፍበት ይጠበቅ። የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ ውሃ፣ የጋለ ብረት ቁስሉን ያሰፉታል እንጂ አያድኑትም። ጥልቅ ከሆነ፣ መግል ካወጣ ወይም ከሸተተ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ቁስሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ንጣፍ እያደረጉ መጫን ይቻላል የሚሉ አሉ፤ የቀዳዳው ጠርዝ አዲስ ጫና ስለሚፈጥር እኔ አልቀበለውም። ቆዳው ገጥሞ፣ ቅርፊቱ በራሱ ወድቆ፣ ሲነካ ፈረሱ መሸሽ ካቆመ በኋላ በቀላል ሥራ ይጀምር።

ገንዘብ ከጠበበ በቅድሚያ የደረቱን ማሰሪያ አስፉ፤ ቀጥሎ አጎዛ ግዙ። ሰሙና ሞራው ከሁሉ ርካሽ ስለሆነ ዛሬውኑ ይሠራል። ጠፍሩን ለማጠብና ለመቀባት የሚመቸው ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ሳይከብድ ቅባቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በክረምቱም በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ስስ አድርጎ መድገም ነው። አጎዛ ግን በበዓል ሰሞን በግ በሚታረድበት ጊዜ በቀላሉ ይገኛል፤ የፋሲካውን ቆዳ ሳይጨማደድ ለቆዳ አልፊው ያስረከበ ሰው ሰኔ ሳይገባ ንጣፉ ይደርስለታል።